ሙሉ ደቂቃ የተቆጠረ ትንፋሽ

መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ የታመመ ሰው ሲተኛ እኔን ከደጅ የሚመልሱ ቤቶች አሉ። «ሲስተር ወይኒ፣ ዓይኑን የከደነው ገና አሁን ነው፣ ሻይ ጠጪና ቆየት ብለሽ ትገቢያለሽ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሻዩን ትቼ እገባለሁ። ከኋላዬ «በሽተኛ ቀስቃሿ መጣች» እንደምባል የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ይበሉኝ! ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሸኝተውኛል፤ ከሁለቱም ግን ይህን የሰፈር ስም እወደዋለሁ። ለምን እንደምቀሰቅስ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሳልቀሰቅስ ስለቀረሁ ነው።

ትውልዴ ደብረ ብርሃን ነው። መቐለ በነርስነት ስመደብ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ እናቴን አታልዬ ነበር የመጣሁት። ሁለቱ ዓመት ሠላሳ ምናምን ሆነ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ወይንሸት የነበረው ስሜም እዚሁ ወይኒ ሆነ። መጀመሪያ የሠራሁት ወደ ዓይናለም መውጫ በነበረች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ተዛወርኩ። ደመወዙን አታንሡብኝ። ስለ ኃላፊዎቼም ብዙ አልልም፤ አንዱ ሪፖርት ይወድ ነበር፣ አንዷ ስብሰባ ትወድ ነበር፣ ሁለቱም በሽተኛ አጠገብ ቆመው ትዝ አይሉኝም። ሥራ ያስተማሩኝ አለቃ ያልነበሩ ሰው ናቸው።

አያ ካሕሳይ ይባላሉ። «አያ» እዚህ አገር ለታላቅ ወንድም፣ ለሚከበር ሰውም የሚሰጥ ነው። በድሬሰርነት ጀምረው እየተማሩ ነርስ የሆኑ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነበሩ። ሰዓታቸውን የሚያስሩት ፊቱን ወደ መዳፋቸው አዙረው ነው። እኔ የገጠር ፋሽን መስሎኝ በልቤ ስቄባቸዋለሁ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ዝቅ ይላል፤ ያኔ ነው መፍራት።

ክፍሉን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን የበሽተኞቹን ቻርት አንድ በአንድ ገለጡ። ሙቀት ተጽፏል፣ የልብ ምት ተጽፏል፣ የደም ግፊት ተጽፏል። የትንፋሽ ቁጥር በሚለው መሥመር ላይ ግን ከመጀመሪያው አልጋ እስከ መጨረሻው ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም እንደዚያው ነበር የሚጽፉት።

«ዋእ!» አሉ። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚተነፍሱት በአንድ ሳምባ ነው እንዴ?»

አንዱን ቻርት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ቆጥረሻል?»

«አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው።»

«ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፣ ጓለይ» አሉኝ። «ጓለይ» ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓለይ እንዳልኩ ቀረሁ።

በማግስቱ ከሥጋ ቤት የበግ ሳምባ ከነቧንቧው በሳህን ይዘው መጡ። ነርሶቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ እሳቸው ቧንቧው ውስጥ የጎማ ቱቦ ከተው ነፉት። ያ ጥቁርና ጭምድድ ያለ ነገር ተነሥቶ፣ ሐምራዊ ሆኖ ሳህኑን ሞላው። ሲለቁት ደግሞ እስ… ብሎ ተመልሶ ተኛ። «አያችሁ፣ ሳምባ ሰነፍ ነው» አሉን። «ራሱን አያነሣም። የሚስበው ከሥሩ ያለው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው፤ የጎድን አጥንቶችም ያግዙታል። ውስጡ የአየር ከረጢት ሞልቷል፤ ጥሩው አየር ወደ ደም የሚገባው፣ የተቃጠለው የሚወጣው እዚያ ነው። ይሄ ሥራ ሲደክም በሽተኛው ገና ሳይነግራችሁ፣ ግፊቱም ሳይወርድ፣ የትንፋሹ ቁጥር ይነግራችኋል። እናንተ ግን ሃያ ብላችሁ አፉን ዘግታችሁታል።»

ቀጥሎ አቆጣጠሩን አሳዩኝ። የበሽተኛውን እጅ እንደ ልብ ምት ቆጣሪ ይይዙና ወደ መስኮቱ ያያሉ፤ በዓይናቸው ጥግ ግን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ነው የሚከተሉት፣ ሲነሣ ሲወርድ። ሰዓቱ ከመዳፍ በኩል ስለሆነ ክንዳቸውን ማንሣት አያስፈልጋቸውም። ለካ ፋሽኑ ለዚህ ኖሯል!

«ለምን እንደብቀዋለን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልብሽን በዝግታ ምቺ ብትያት ትሰማሻለች?»

«አትሰማኝም።»

«ትንፋሽ ግን ሁለት ጌታ አለው። ዝም ብለሽ ስትተዪው በራሱ ይሄዳል፤ ያሰብሽው ዕለት ደግሞ ላንቺ ይታዘዛል። ትንፋሽህን ልቁጠር ያልሽው ሰው ወዲያው ትንፋሹን ያሳምርልሻል። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው ነው።»

«ግማሽ ደቂቃ ቆጥሬ በሁለት ባባዛስ?»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በጠና የታመመ ሰው ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ግማሹን ደቂቃ ከቆጠርሽ የሮጠበትን ብቻ ልታገኚ ትችያለሽ። ሙሉ ደቂቃ፣ ጓለይ። ሰውዬው ሕይወቱን ሰጥቶሽ አንድ ደቂቃ ትነፍጊዋለሽ?»

አንድ ቀን ደግሞ የግድግዳው ሰዓት ሥር አቁመው ትንፋሼን አስያዙኝ። ግትር ስለሆንኩ ቻልኩት፤ ዓይኔ እስኪፈጥ፣ ደረቴ በራሱ እስኪዘል ያዝኩት። በመጨረሻ ኸእ! ብዬ ለቀቅሁት። «ማን ነው ተንፍሺ ያለሽ?» አሉ። «እኔ» አልኩ። «አንቺማ እምቢ ብለሽ ነበር» ብለው ከማጅራቴ ከፍ ብሎ፣ አንጎል ከአከርካሪ የሚገናኝበትን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ዘበኛው እዚህ ነው የተቀመጠው። ቀን ከሌት አይተኛም። የሚቀሰቅሰው ግን የጥሩው አየር ማነስ እንዳይመስልሽ፤ በደም ውስጥ የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት ነው። ጭስ ሲሸተው በሩን ክፈቱ ብሎ ይጮኻል።»

«ጭሱን ለዓመታት የለመደውስ?» አልኩ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ደስ አላቸው። «እሱ ነው ጥያቄው። ሳምባው ለዓመታት የታመመ ሰው ዘበኛው ጭስ ለምዷል፣ አይሸተውም። ያን ጊዜ የሚነቃው ጥሩው አየር ሲያንሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ኦክስጅን በልክ ነው የሚሰጠው። አጥግበሽ ከሰጠሽው ዘበኛው ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይተኛል።» የዛሬዎቹ ሐኪሞች ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው፣ ሌላም ሌላም ምክንያት አለው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በልክ ስጪ የሚለው ግን ዛሬም አልተቀየረም።

ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ በደብተሬ ጽፌ፣ ሥሩን በቀይ አስምሬበት ነበር። እንግዲህ ስሕተቴን ስሙ።

አቦይ ተስፋይ የሚባሉ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ተኝተውልን ነበር። «ከመቐለ ግድግዳ ግማሹ የእኔ ነው» ይሉ ነበር ሲቀልዱ። ዕድሜ ልካቸውን የማጉት የድንጋይ ብናኝ ሳምባቸውን አድርቆታል። ለሦስት ቀን አልተኙም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ትራስ አቅፈው፣ ከንፈራቸውን እንደሚያፏጭ ሰው አሹለው ነው የሚተነፍሱት። አያ ካሕሳይ የኦክስጅኑ መለኪያ ላይ፣ ከሁለት ቁጥር በላይ ፕላስተር ለጥፈው «ከዚህ አይለፍ» ብለው ጽፈውበታል። እሑድ ዕለት እሳቸው ለወንድማቸው ተዝካር ወደ ገጠር ወጡ። ክፍሉ በእኔ እጅ ሆነ።

ከቅዳሴ በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። የአቦይ ተስፋይ ልጅ ምሕረት አባቷ እንደዚያ ሲቃትቱ ማየት አቃታት። «ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ አየሩ ሞልቶ እያለ ለምን ትሰስቱበታላችሁ?» ብላ አለቀሰች። እኔም ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እፎይ እንዲሉ ብቻ ብዬ ፕላስተሩን አልፌ እስከ ስምንት ከፈትኩት።

እውነትም እፎይ አሉ። ጥቁር የነበረው ከንፈራቸው ቀላ፣ ፊታቸው ወዛ፣ እጃቸው ሞቀ። ትራሱን ለቀው ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምሕረት እጄን ይዛ ሳመችኝ። «ተኛልኝ! ከሦስት ቀን በኋላ አባቴ ተኛልኝ!» እያለች ለጠያቂው ሁሉ አበሰረች። እንቅልፍ ለበሽተኛ መድኃኒቱ ነው አይደል የምንለው? ዘመዶቻቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በባዶ እግር፣ በጣት ጫፍ ገቡ። ሕፃን ያሳለ እንደሆነ ያወጡታል። እኔም እንዳልረብሻቸው ብዬ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁና ቻርቱ ላይ ጻፍኩ። ሃያ።

አንድ ሰዓቱ ሦስት ሆነ። አያ ካሕሳይ ከተዝካሩ ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ አቧራቸውን እንደለበሱ ቀጥታ መጡ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ገብተው የሰውዬውን እጅ ያዙና ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ያ ደቂቃ አላልቅ አለኝ።

«ስንት ጻፍሽ?»

«ሃያ።»

«ስድስት ነው» አሉ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ጠራናቸው፣ ነቀነቅናቸው፣ ሐኪሙ መጣ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት እየተቀባበልን አስተነፈስናቸው። እጄ እስኪደነዝዝ ጨምቄያለሁ። አቦይ ተስፋይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፉ።

ለሐኪሙ ያደረግኩትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት፤ ጻፈው፣ እኔም ፈረምኩ። ሰውዬው በዚያው ሳምንት ሊሞቱ ይችሉ እንደነበር ነገረኝ። ይችሉ ነበር። በዚያ እሑድ ግን የሞቱት በእኔ እጅ ነው። ስወጣ አያ ካሕሳይ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። «ለልጂቱስ?» አሉኝ። እምቢ ማለት አማረኝ፤ ግን ወደ ግቢው ወጣሁ።

ምሕረት ግቢው ውስጥ ግንቡን ተደግፋ ነበር። ነገርኳት። አየሩን ማብዛቴን፣ እንቅልፉ እንቅልፍ እንዳልነበረ፣ ሳልቆጥር መጻፌን። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጄን አየች። «ስሜሻለሁ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ገበያ ላይ ተገናኝተናል፤ አንዴ አልፋኝ ሄደች፣ አንዴ ሰላም አለችኝ። የሁለቱንም ቀን ወደ ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም።

በማግስቱ ሥራ ልለቅ ማመልከቻዬን ይዤ መጣሁ። አያ ካሕሳይ አነበቡት፣ በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ የቻርቱን ክምር አሸከሙኝ። «ሂጂ። የመስኮቱ ሥር አልጋ ገና አልተቆጠረም» አሉኝ። ሄድኩ። ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት ነበር፤ የተኛችውን ሴትዮ የሳምባ ምች ጀምሯታል፣ ከሐኪሙ ቀድሜ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። በዚያ ቀን ለራሴ ማልኩ፤ እኔ ባለሁበት ተኝቷል እየተባለ ማንም አይሞትም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያልቆጠርኩትን ትንፋሽ አልጻፍኩም። መብራት በጠፋበት፣ መድኃኒት ባለቀበት፣ ደመወዝ የሚባል ነገር በተረሳበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ቆጥሬያለሁ። ማሽኑ ሁሉ ሲቆም መቁጠር አልቆመም፤ መብራት አይፈልግማ! አንድ ሲሊንደር ለሦስት ሰው ስናካፍል ማን ይቅደም የሚለውን የነገረን ይኸው ቁጥር ነው። ወጣቶቹ ነርሶች «ሲስተር ደቂቃ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ያሹፉ፣ ቆጥረው ይምጡ እንጂ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወሩ የአያ ካሕሳይ ባለቤት አደይ ለምለም («አደይ» እናቴ ማለት ነው) «ደክሟል፣ ነይና እዪው» ብላ ላከችብኝ። እሳቸው አሁን ሰማንያን አልፈዋል። በሥራ ላይ ሳሉ ከበሽተኞቻቸው ቲቢ ይዟቸው ነበር፤ ቢድኑም ሳምባቸውን ጠባሳ አድርጎት ሄደ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ኦክስጅን የሚሠራ ማሽን ገዝቶላቸዋል፤ ቤታቸውም ሓድነት ነው፣ ከእኔ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ገና ከቀትር በፊት ነበር። ግቢው ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያየሁት ሳሎኑ በር ላይ የተደረደረ ጫማ ነው።

እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አደይ ለምለም ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ በፈገግታ ተቀበለችኝ። «ደቂሱ ኣሎ» አለች፣ ተኝቷል ማለቷ ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨነቅ ከርሞ ማሽኑን ከፍ ሳደርግለት ይኸው እንደ ሕፃን ተኛ። ተመስገን! ሻይ ላምጣልሽ።»

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። የማሽኑ ቁልፍ መጨረሻው ላይ ደርሷል። የአያ ካሕሳይ ፊት ወዝቷል፣ እጃቸው ሞቋል። እጃቸውን ይዤ ወደ መስኮቱ አየሁና መቁጠር ጀመርኩ። ግማሽ ደቂቃ ላይ አምስት ነበር። ልቤ ቀስቅሺ ቀስቅሺ አለኝ፤ ግን ሙሉውን ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም? ዘለቅሁት። በሁለተኛው ግማሽ ብርድ ልብሱ ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሣ። ሰባት።

ቁልፉን ዝቅ አደረግኩት። ጨርሼ አላጠፋሁትም፣ እሱም ሌላ ጥፋት ነው። ከዚያ ትከሻቸውን ይዤ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ። «አያ ካሕሳይ! ይነሡ! አያ ካሕሳይ!»

አደይ ለምለም እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። «አብደሻል እንዴ? እንቅልፉን ልትነጥቂው ነው?» ወንድሟ ክንዴን ያዘኝ። «ሴትዮ፣ ከዚህ ቤት ውጪ!» አለኝ።

«እንቅልፍ አይደለም!» አልኩት። «አንዴ ዝም ብያለሁ፣ ሰው ሞቶብኛል። ዛሬ ብትገድለኝም አልወጣም። ባጃጅ ጥራ!»

ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ክንዴን ለቀቀና ሮጦ ወጣ። እኔ ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው፣ በጣቴ አጥንት ደረታቸውን ፈተግኩት፣ «ይተንፍሱ! ይሳቡ! ይልቀቁ!» እያልኩ እንደ ምጥ አዋላጅ ጮኽኩ። ያ ሁለት ጌታ ያሉኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዘበኛው ከተኛ ባለቤቱ ራሱ ይሠራዋል። አንድ ሳቡ። ቆዩ። «አያ፣ ሌላ!» ሁለተኛ ሳቡ። አደይ ለምለምም ቁጣዋን ትታ በሌላው ጎን ደግፋ ያዘቻቸው። ስንት ጊዜ እንደጮኽን አላውቅም። በመጨረሻ ዓይናቸው በትንሹ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ጫማዬን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

«ስንት?» አሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም።

«ሰባት።»

«ሙሉ ደቂቃ?»

«ሙሉ ደቂቃ፣ አያ።»

ዓይናቸውን መልሰው ሊከድኑ ሲሉ «አይተኙም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በባጃጁም እስከ ሆስፒታል ስጮኽባቸው ነው የደረስነው፤ ሾፌሩ ጠብ የያዝን መስሎት ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶናል።

በጭምብል አየር በሚገፋው መሣሪያ ከሳምንት በላይ ታግዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሳምባቸው አልዳነም፤ እሱን ማንም አያድነውም። ግን አሉ፣ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ። አደይ ለምለም የማሽኑ ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በገዛ እጇ «ከዚህ አይለፍ» ብላ ጽፋበታለች። ጠያቂ ሲመጣም «ከነጫማችሁ ግቡ» ትላለች፤ ዘመዶቿ ጉድ ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆም አልኩ። አደይ ለምለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የባሏን እጅ ይዛ፣ ሰዓቷን ወደ መዳፏ አዙራ፣ ወደ መስኮቱ ታያለች። ከንፈሯ በትንሹ ይንቀሳቀሳል።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት።

«እጅህን ያዝኩህ እንጂ ምን አደርጋለሁ» አለች።

አያ ካሕሳይ በሩ ላይ መቆሜን አዩ። ፊታቸውን ወደ ጣራው መለሱና፣ ምንም እንደማያውቅ በሽተኛ፣ ደቂቃው እስኪሞላ ዝም ብለው ተነፈሱላት።